የማሕፀን በር ምርመራ ውጤት «ደኅና አይደለም» ሲባል



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ እንጦጦንም ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ የሚሄድ ሰው በየጤና ጣቢያው ደጃፍ ነጠላ የለበሱ፣ ሕፃን ያዘሉ፣ ከፋብሪካና ከአበባ እርሻ አስፈቅደው የመጡ ሴቶች ተራ ሲጠብቁ ያያል። እነዚህ ሦስት ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ከሴቶቹ መካከል አንዳንዶቹ የመጡት ምንም ሳያማቸው፣ የማሕፀን በር ነቀርሳ፣ ዛሬ በብዙው ሰው ዘንድ ካንሰር የሚባለው ደዌ፣ ከመጀመሩ አስቀድሞ ምልክቱ እንዲፈለግላቸው ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ግን «ውጤትዎ ደኅና አይደለም፤ ይመለሱ» ከተባለ በኋላ ስላለው ጉዳይ ነው። መመርመር ብቻውን ማንንም አያድንምና፤ የሚያድነው ከምርመራው ቀጥሎ የሚደረገው ነገር ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ቁጥሩ ይናገራል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለ2020 ባወጣው ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ከ7,400 የሚበልጡ ሴቶች በዚህ ደዌ ተይዘዋል፤ ከ5,300 የሚበልጡም ሞተዋል። በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁት የነቀርሳ ዓይነቶች ከጡት ነቀርሳ ቀጥሎ ሁለተኛውን ሥፍራ የያዘው ይኸው ነው። ሐዘኑን የሚያከብደው ደግሞ ከነቀርሳዎች ሁሉ ይልቅ አስቀድሞ ሊደረስበት የሚቻል መሆኑ ነው።

«ደኅና አይደለም» ማለት ነቀርሳ ተገኘ ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው በማሕፀን በር ላይ ያሉት ረቂቃን ሕዋሳት ከተፈጥሯቸው መለወጥ መጀመራቸውን ነው። ለዚህ ለውጥ መነሻው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ የሚባል፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ሱር ሃውዘን ይህን ምክንያት ፈልጎ በማግኘቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ሰውነት ይህን ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ኃይል ያስወግደዋል። ሳይወገድ የቀረ እንደሆነ ግን ሕዋሳቱን ቀስ በቀስ እያበላሸ ይሄዳል፤ ወደ ነቀርሳም ለመድረስ ጤናማ የመከላከል ኃይል ባላት ሴት ከ15 እስከ 20 ዓመት፣ የመከላከል ኃይሏ በደከመባት፣ ይልቁንም የኤች አይ ቪ መድኃኒት ባልጀመረች ሴት ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይፈጅበታል።

ይህ ረጅም ጊዜ ታላቅ ዕድል ነው፤ ነገር ግን ያው ዕድል ያዘናጋል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ይህ ተረት ግን በሽተኛው በሽታውን እንደሚያውቅ ቈጥሮ የተነገረ ነው። የማሕፀን በር ለውጥ አያምም፣ አያደማም፣ አያከሳም፤ ባለቤቲቱም የምትደብቀው ቀርቶ የምታውቀው ነገር እንኳ የላትም። ስለዚህ «ምንም አላመመኝምና ምን ልሁን ብዬ እመለሳለሁ?» የሚለው ቃል ለሰሚው ትክክል ቢመስልም እጅግ አደገኛ ነው። የሕመም ስሜት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል።

በአገራችን ጤና ጣቢያዎች በብዛት የሚሠራበት የምርመራ ዘዴ እንደሚከተለው ነው። ከ3 እስከ 5 ከመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ፣ ማለት የአቼቶ ዘር የሆነ ፈሳሽ፣ በጥጥ ተነክሮ የማሕፀኑ በር ይቀባል፤ አንድ ደቂቃ ያህል ከተጠበቀ በኋላ የተለወጠ ሥፍራ ቢኖር ነጭ ሆኖ ይታያል። ግሪክ አገር የተወለደው ሐኪም ጆርጅ ፓፓኒኮላው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ከባልደረባው ጋር በመጽሐፍ ያሳወቀው፣ ሕዋሳትን ጠርጎ በአጉሊ መነጽር የመመርመር ዘዴ በሌሎች አገሮች ብዙ ሕይወት አድኗል፤ ሆኖም ላቦራቶሪና በቂ ባለሙያ፣ ከዚያም ውጤት ለመስማት ሌላ ቀን መመላለስ ይፈልጋል። የአሴቲክ አሲዱ ውጤት ግን በዚያው ሰዓት ይታወቃል። ምርመራው በተለይ የታሰበው ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆኑ ሴቶች ሲሆን፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ቀደም ብለው እንዲመረመሩ ይመከራል። እነርሱ ለዚህ ነቀርሳ ያላቸው ተጋላጭነት ከሌሎች 6 እጥፍ ያህል ይበልጣልና።

ነጩ ምልክት ከታየ በኋላ መንገዱ በሦስት ይከፈላል። ለውጡ በሙሉ በዓይን የሚታይ፣ ከማሕፀኑ በር ሦስት አራተኛውን ያላለፈ፣ ወደ ውስጠኛውም ቦይ ያልገባ እንደሆነ፣ የተቻለ ሲሆን በዚያው ቀን ሊታከም ይችላል። ሕክምናው በጋዝ ኃይል ሥፍራውን ማቀዝቀዝ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ይቀዘቅዛል፣ አምስት ደቂቃ ይለቀቃል፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ ይቀዘቅዛል። የጋዝ ሲሊንደር ማመላለስና ማስሞላት በየቦታው ችግር ስለሆነ፣ በቅርብ ዓመታት በእጅ የሚያዝ፣ ከ100 ዲግሪ ባላነሰ ሙቀት በአንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ሥራውን የሚጨርስ መሣሪያም ገብቷል። ሁለቱም እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ ሕመም ያስከትላሉ እንጂ ሆስፒታል አያስተኙም። ማሕፀንም አይወጣም። ይህን አጥብቀን የምንናገረው «መካን ያደርጉኛል» ብለው የቀሩ ሴቶች ስላሉ ነው።

ለውጡ ከዚህ የሰፋ ወይም ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ቀጭን የሽቦ ቀለበት ሥፍራው ተቈርጦ ይወጣል፤ የወጣውም ሥጋ ለምርመራ ይላካል። ለዚህ ታካሚዋ ብዙ ጊዜ ወደ ሆስፒታል ትተላለፋለች። ሦስተኛው፣ ባለሙያው ነቀርሳ ራሱ መሆኑን የተጠራጠረ እንደሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ማቀዝቀዝም ማቃጠልም አይፈቀድም፤ አስቀድሞ ትንሽ ሥጋ ተወስዶ መመርመር አለበት። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ምርመራ ይደረጋል። በዚህ ቫይረሱ ተገኝቶባት በዓይን ሲታይ ግን ለውጥ የሌለባት ሴት ወዲያው አትታከምም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው ከ2 ዓመት በኋላ፣ ኤች አይ ቪ ካለባት ግን ከ1 ዓመት በኋላ እንደገና ትመረመራለች።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ባለሙያዎች «ፖዘቲቭ» ሲሉ ሰሚዋ ብዙ ጊዜ ኤች አይ ቪ ተገኘብኝ ብላ ትደነግጣለች። ሁለቱ ቫይረሶች ስማቸው በጆሮ ቢመሳሰልም ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ከዚህ የከፋው በባልና በሚስት መካከል የሚነሣው ጥርጣሬ ነው። ይህ ቫይረስ አብዛኛው ባለትዳር ሰው በዘመኑ አንድ ጊዜ የሚያገኘው ነው፤ ምልክትም ሳያሳይ ለብዙ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ መገኘቱ ማን ከማን መቼ እንዳመጣው አይመሰክርም። ባሎች ሆይ፣ ይህ ወረቀት የክስ ማስረጃ አይሆንምና ሚስቶቻችሁን አታስፈራሯቸው፤ ይልቁንስ የታክሲውን ገንዘብ ሰጥታችሁ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ሸኙአቸው።

የታክሲ ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ መቅረት ሁሉ የሴቲቱ ስንፍና ተደርጎ ሲቈጠር መስማት ያሳዝናል። የማስተላለፊያ ወረቀት የተሰጣት የቡራዩ ሴት በአስኮና በዊንጌት አድርጋ ጳውሎስ ሆስፒታል ለመድረስ፣ የሱሉልታዋ እንጦጦን ወርዳ አዲሱ ገበያ ለመግባት፣ የሰበታዋም በዓለም ገና በኩል ለመምጣት ቢያንስ የአንድ ቀን ደመወዝ ትሠዋለች፤ ሄዳም ሌላ ቀን ትቀጠር ይሆናል። ብዙዎቹ ተከራዮች ናቸው፤ ቤት ይለውጣሉ፣ ስልክ ይለውጣሉ። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ የራሷን ብቻ ሳይሆን የምታምነውን የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር መጻፍ፣ ስትቀርም ደውሎ መጠየቅ የጤና ጣቢያው ፋንታ ነው። ማብራሪያውም በምታውቀው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ፣ ሊነገራት ይገባል፤ ባልገባት ነገር ትመለስ ዘንድ ማንም ሊጠብቅ አይችልም። አሠሪዎችም ለዚህ ቀን ፈቃድ ቢሰጡ ከሠራተኛ መታመም የሚያተርፉት ይበዛል።

ከሕክምናው በኋላ እስከ አንድ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ውኃ የሚመስል ፈሳሽ ሊወርድ ይችላል፤ ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም። ለ4 ሳምንት ያህል ከግብረ ሥጋ መታቀብ ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም ብዙ ደም ከታየ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ መመለስ ነው። እንዲሁም ተመርምራም ሆነ ሳትመረመር፣ ከግንኙነት በኋላ የምትደማ ወይም የወር አበባዋ ከቆመ ወዲያ ደም ያየች ሴት ወደ ሐኪም መሄድን ለነገ አታሳድር። ጠበል የምትጠጣም ብትሆን ጠጥታ ትሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልምና።

ከታከሙት መካከል በጥቂቶቹ ለውጡ ስለሚመለስ፣ በ12ኛው ወር እንደገና መታየት የሕክምናው አንድ ክፍል ነው፤ ብዙዎችም «ድኛለሁ» ብለው የሚቀሩት ከዚህኛው ነው። ቀጠሮውን ለማስታወስ የሚረዳ አንድ ዘዴ፣ የታከሙበትን ቀን በአቅራቢያው ካለ በዓል ጋር ማያያዝ ነው፤ ከመስቀል በኋላ የታከመች በሚመጣው መስቀል፣ ከጥምቀት በኋላ የታከመች በሚመጣው ጥምቀት ትሂድ። ካርዱ ቢጠፋ እንኳ ስሟ በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ስለሚገኝ፣ የታከመችበትን ወርና ዓመት ነግራ ማስፈለግ ትችላለች።