ርካሹ ሞርሳ ምን ያህል ይታመናል?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ቀበሌዎች የናፍጣ ወይም የኤሌክትሪክ ወፍጮ ሲቆም ችግሩ የባለ ወፍጮው ብቻ አይሆንም። እናቶች እህላቸውን በጀርባቸው ወይም በአህያ ጭነው ወደ ሌላ ቀበሌ ለመሄድ ይገደዳሉ። ከብልሽቱ ምክንያቶች አንዱ የወፍጮው ዘንግ የሚያርፍበት ኩሽኔታ መቃጠል ነው። ኩሽኔታው ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ ጥፋቱ ኩሽኔታው የተቀመጠበት ብረት በተቀረጸበት ወርክሾፕ፣ ይኸውም ብረቱን አንቆ በያዘው ሞርሳ ላይ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ በተለምዶ ፍሬዛ በሚባለው የሚሊንግ ማሽን ላይ የሚታሰር፣ ከውጭ አገር የሚገባ ርካሽ ሞርሳ እንዴት እንደሚመዘንና እንዴት እንደሚሻሻል እንመለከታለን።

የሞርሳው አሠራር

የፍሬዛ ሞርሳ አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። እነርሱም በማሽኑ ገበታ ላይ የሚታሰረው አካል፣ ቋሚው መንጋጋ፣ ተንቀሳቃሹ መንጋጋና መንጋጋውን የሚገፋው ጥርሳም ዘንግ ናቸው። ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው ብረቱን አጥብቆ መያዝ ሲሆን ሁለተኛው ብረቱን በትክክለኛ አቅጣጫ ማስቀመጥ ነው። ርካሽ ሞርሳዎች የመጀመሪያውን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በሚገባ ይወጣሉ። ችግሩ የሚታየው በሁለተኛው ላይ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጥርሳሙ ዘንግ መንጋጋውን የሚገፋው ከታች ሲሆን የሚታነቀው ብረት ግን የሚገኘው ከላይ ነው። ሁለቱ ኃይሎች በአንድ መስመር ላይ ስለማይውሉ መንጋጋው ወደ ኋላ ለማዘንበልና ከፊቱ ለመነሣት ይገፋፋል። ይህን የሚከለክለው መመሪያው ብቻ ነው። የመመሪያው ርዝመት 80 ሚሊ ሜትር፣ በውስጡ ያለው ክፍተት ደግሞ 0.08 ሚሊ ሜትር ቢሆን መንጋጋው ከ1000 አንድ ያህል ያዘነብላል። በዚሁ መጠን አዘንብሎ የተቀረጸ የኩሽኔታ መቀመጫ በወፍጮው ላይ ቢታሰርና ሁለተኛው ኩሽኔታ 600 ሚሊ ሜትር ርቆ ቢገኝ፣ ዘንጉ እዚያ ሲደርስ 0.6 ሚሊ ሜትር ይስታል። በዓይን የማይታየው ክፍተት ኩሽኔታ የሚያቃጥል ስሕተት ሆነ ማለት ነው።

ምዘናው

ለምዘናው 0.01 ሚሊ ሜትር የሚያነብ ዲያል ኢንዲኬተር፣ የታመነ ስኳድራና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃሉ። አስቀድሞ የማሽኑ ገበታ ራሱ መፈተሽ አለበት፤ አለበለዚያ የማሽኑ ስሕተት በሞርሳው ላይ ይላከካል። ከዚያም የሚከተሉት ሦስት ጥያቄዎች ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ የሞርሳው ወለል ከገበታው ጋር ትይዩ ነውን? ኢንዲኬተሩ በወለሉ አራት ማዕዘኖች ላይ ይነካል። በ100 ሚሊ ሜትር ርቀት ከ0.02 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ልዩነት ለተራ ሥራ መልካም ነው።

ሁለተኛ፣ ቋሚው መንጋጋ ቀጥ ብሎ ቆሟልን? ስኳድራው በወለሉ ላይ ቆሞ ከመንጋጋው ፊት ጋር ሲገጥም በመካከላቸው ብርሃን ማለፍ የለበትም።

ሦስተኛ፣ ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ይነሣልን? አንድ ብረት ይታነቅና ኢንዲኬተሩ በመንጋጋው አናት ላይ ይደረጋል። እጀታው ሲጠብቅ መርፌው የሚጓዘው መጠን መንጋጋው የተነሣበት ልክ ነው።

ውጤቱ በወረቀት ላይ ይጻፍ። ያልተጻፈ ልኬት ከማሻሻያው በኋላ የሚነጻጸርበት ነገር አይኖረውም።

ማሻሻያው

የመጀመሪያው ማሻሻያ ምንም ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ሞርሳው ሙሉ በሙሉ ተፈታትቶ በነጭ ጋዝ ይታጠባል። በአካሉ ጉድጓዶች ውስጥ የቀረ የቅርጽ አሸዋ፣ የብረት ቅራፊና ከመንጋጋው ሰሌዳ ጀርባ የደረቀ ቀለም ሊገኝ ይችላል። እነዚህ ሲጠረጉና ሹል ጠርዞች በሞረድ ሲነሡ ከስሕተቱ የተወሰነው ክፍል ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው የታችኛውን ገጽ ማስተካከል ነው። የመፈተሻ ገበታ በስሱ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ሞርሳው በላዩ ይንሸራተታል። ቀለም የያዘው ቦታ ከፍ ያለ ስለሆነ በመፋቂያ በጥቂቱ እየተፋቀ ፈተናው ይደገማል። እዚህ ላይ ገበታው ራሱ ከየት መጣ የሚል ጥያቄ ይነሣል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትወርዝ እ.ኤ.አ. በ1840 በግላስጎው በተካሄደ የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ ላይ ትክክለኛ ጠፍጣፋ ገጽ በመፋቅ እንዴት እንደሚገኝ አብራርቶ ነበር። የዘዴው ምሥጢር በሦስት ገበታዎች መሥራት ነው። ሁለት ገበታዎች አንዱ ጎድጎድ፣ ሌላው እብጥ ብሎ እርስ በርስ ሊገጥሙ ይችላሉ። ሦስቱም በየተራ እርስ በርስ የሚገጥሙት ግን ሁሉም ጠፍጣፋ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የመንጋጋውን መነሣት መቀነስ ነው። ከተንቀሳቃሹ መንጋጋ ሥር የሚታሰረው ማቀፊያ ብረት በጥንቃቄ ተሞርዶ ክፍተቱ ወደ 0.03 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ ይደረጋል። መንጋጋው ግን በጉዞው ሁሉ ሳይነክስ መንሸራተት አለበት። ይህም ካልተቻለ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ዘንግ በሚታነቀው ብረትና በተንቀሳቃሹ መንጋጋ መካከል አግድም ይገባል። ኃይሉ በአንድ መስመር ላይ ስለሚያርፍ መንጋጋው ቢያዘነብልም ብረቱ ከቋሚው መንጋጋ ጋር ሙሉ በሙሉ ይገጥማል።

ቋሚው መንጋጋ ካዘነበለ ደግሞ ጠንካራው ሰሌዳ በለስላሳ ብረት ተተክቶ እዚያው በማሽኑ ላይ በስሱ ይቀረጻል። አስቀድሞ ግን የማሽኑ እንዝርት ለገበታው ቀጥ ያለ መሆኑ መረጋገጥ ይኖርበታል።

የማይሻሻለው

የተሰነጠቀ አካል ወይም ጥርሱ ያለቀ ዳዶ በመሞረድ አይድንም። እጀታውን በቧንቧ አስረዝሞ ማጥበቅም አደገኛ ነው። 5 ሚሊ ሜትር በዙር የሚጓዝ ዘንግ በ200 ሚሊ ሜትር እጀታ ላይ 150 ኒውተን ሲያርፍበት፣ አብዛኛው ጉልበት በሰበቃ ቢባክንና 15 በመቶው ብቻ ቢተርፍ እንኳ ከ5,600 ኒውተን በላይ ይገፋል። ቧንቧ ይህን እጥፍ ያደርገዋል። የሞርሳው አካል የተሠራበት ካስት አይረን ደግሞ ጫናን እንጂ መሳብን አጥብቆ የማይችል፣ ሳይታጠፍ በድንገት የሚሰበር ብረት ነው።

ከጋይንትና ከእስቴ ብዙ በማይርቀው ጋፋት፣ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ተወስዷል። ብረታ ብረትን አቅልጦ ማፍሰስ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሙያ የፈሰሰውን በመቶኛ ሚሊ ሜትር መለካትና ማረም ነው። በየወርክሾፑ ያለ ተማሪም ይህን ሙያ በገዛ ሞርሳው ላይ ሊጀምር ይችላል።