ሕፃን ይዞ ወደ አዋሽ፤ ትርፉ ያለው አዳሩ ላይ ነው

እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ልጆቹን ጭኖ ወደዚያ የሚነሳ አባወራ ኪሱን የሚፈታው ገና ከደጁ ነው። ነዳጅ ይቀዳል፤ እስከ አዳማ የፍጥነት መንገድ ክፍያ ይከፍላል፤ መተሐራ ላይ ውኃና ሙዝ ይገዛል፤ በፓርኩ በር የመግቢያውን ይቆርጣል።

ጠዋቱ ለልጆች ደስታ ነው። ሳላው በሜዳው ይታያል፤ ፏፏቴው ይጮኻል። እርግጥ ወንዙ አዞ ስላለበት የልጅ እጅ አይለቀቅም፤ ዝንጀሮውም ምሳ ይነጥቃል። ከቀትር በኋላ ግን ቆላው ይግላል፤ ሕፃኑ ያለቅሳል። እናት ጥላ፣ ንጹሕ መጸዳጃና ወተት የሚሞቅበት ቦታ ካጣች "እንመለስ" ማለቷ አይቀርም። ያን ጊዜ የአልጋው፣ የእራቱና የቁርሱ ገንዘብ አብሯት ይመለሳል።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ የውጭ አገር ሽርሽር እጅግ ተወዷል። ይህ ለአገር ውስጥ መዝናኛ ዕድል ነው። ይሁን እንጂ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ እየተደጋገመ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ነዋሪ አፈናቅሏል። ልጅ የያዘ ሰው ደግሞ ስለ መንገዱም ሆነ ስለ መሬቱ ክፉ ወሬ ከሰማ ጉዞውን ይሰርዛል።

ስለዚህ በዚያ መሥመር ገንዘቡን ለማፍሰስ የሚያስብ ባለሀብት ከፎቅ በፊት ቀላል ጎጆ፣ የዛፍ ጥላ፣ ንጹሕ ውኃ፣ አጎበርና የመጀመሪያ ሕክምና መስጫ ቢያስቀድም ይሻለዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ሕፃኑ ከተመቸው ቤተሰቡ በሙሉ ያድራል።