ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያዎች በኢንዱስትሪ

እንቁላል ሲቀቀል ውሃ መሰሉ ክፍል ነጥቶ ይረጋል፤ ቢቀዘቅዝም ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም። ኢንዛይሞችም ፕሮቲን በመሆናቸው ሙቀት ሲበዛባቸው ቅርጻቸው ተበላሽቶ ሥራቸው ይቆማል። በማሠልጠኛችን ይህን ስናስተምር አንዲት ሠልጣኝ «እንግዲያው በፍል ውሃ ውስጥ የሚኖር ነገር የለም ማለት ነው?» ብላ ብትጠይቀን «የለም» ብለን አለፍነው። ተሳስተን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1966 ቶማስ ብሮክና ተማሪው ሃድሰን ፍሪዝ በአሜሪካ የሎስቶን ብሔራዊ ፓርክ ፍል ውሃ ውስጥ በ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚራባ ባክቴሪያ አገኙ። የእንዲህ ዓይነት ሕዋሳት ፕሮቲን ይበልጥ ተጠባብቆ የተሳሰረ ስለሆነ በቀላሉ አይረጋም።

ኢንዱስትሪ ስለምን ፈለጋቸው? በፋብሪካ ማብላያ ጋን ውስጥ ባክቴሪያዎች ሲራቡ ሙቀት ያመነጫሉ። ተራዎቹ እንዳይሞቱ ጋኑን በብዙ ውሃ ማቀዝቀዝ ግድ ይሆናል። በ60 ዲግሪ የሚሠራ ጋን ግን ይህ ድካም ይቀንስለታል፤ ከውጭ የሚገቡ ተራ ሕዋሳትም አብዛኞቹ አይራቡበትም። (ጠላ ጠማቂ ጋኗን በወይራ የምታጥነው ለመዓዛው ብቻ አይደለም!)

ሆኖም እነዚህን ባክቴሪያዎች እንደፈለጉ ማሻሻል ቀላል አልነበረም። አዲስ ጂን ሲገባ የተቀበለውን ሕዋስ ካልተቀበለው ለመለየት ምልክት ያስፈልጋል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ካናማይሲን ያለ አንቲባዮቲክን የሚያከሽፍ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ የተገኘው በሰው ገላ ሙቀት ከሚኖር ባክቴሪያ ስለሆነ ግን በፍል ጋን ውስጥ እንደ እንቁላሉ ይበላሻል።

እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ አንድ ምርምር ለዚህ መላ አገኘ፤ እኛን እጅግ ያስደነቀንም እርሱ ነው። ተመራማሪዎቹ ጂኑን ባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ (ዛሬ ጂኦባሲለስ ይባላል) በተሰኘው ሙቀት ወዳድ ውስጥ ጨመሩት። ከዚያም ካናማይሲን ባለበት ሙቀቱን ወደ 63 ዲግሪ ከፍ አደረጉት። ብዙዎቹ አለቁ። ከተረፉት በተገኘው ኢንዛይም ላይ ከአሚኖ አሲዶቹ አንዱ ብቻ ተለውጦ ነበር! ወደ 70 ዲግሪ ሲያደርሱት ደግሞ ሁለተኛ ለውጥ ተገኘ። ኢንዛይሙን ያሻሻለው ተመራማሪዎቹ ባዘጋጁት ሁኔታ የተካሄደ፣ ዳርዊን የጻፈለትን የተፈጥሮ ምርጫ የሚመስል ምርጫ ነው፤ ዝግመተ ለውጥን ስናስተምር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በእንግሊዝ አገር የአንድ ጂኦባሲለስ ላክቲክ አሲድ የሚሠራበት መንገድ ተዘግቶ ስኳርን በ60 ዲግሪ ገደማ ወደ አልኮል እንዲለውጥ ተደረገ። ከጭድና ከአገዳ የሚወጡትን ስኳሮች ጭምር ይጠቀማል።

ያቺ ሠልጣኝ ይህን ስትሰማ «ከጋኑ ቢያመልጡስ?» አለች። ይህን ጊዜ ቸኩለን አልመለስንም። በቀዝቃዛ ቦታ እምብዛም አይራቡም፤ ስፖራቸው ግን ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ መፍላትንም ይቋቋማል። ሐኪም ቤቶች በ121 ዲግሪ እንፋሎት የሚሠራው አውቶክሌቫቸው በሚገባ መግደሉን የሚፈትኑት በዚሁ በስቴሮተርሞፊለስ ስፖር ነው።