ያልታመመው ሰው ምስክርነት

ቅዳሜ ሰርግ ቤት በልተው ሌሊቱን ሲያስመልስዎ ቢያድሩ ማንን ይጠረጥራሉ? አብዛኞቻችን መጨረሻ የቀመስነውን ነው። «ያ ዶሮ ወጥ ነው የጎዳኝ» እንላለን። ጥቆማውን የሚያጣራው የጤና ባለሙያ ግን አይቸኩልም። መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ሰዓት ነው፤ መቼ በሉ? መቼስ ጀመረዎ?

ሰዓቱ ብዙ ይናገራል። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ከአብሳዩ እጅ ወይም አፍንጫ ወደ ምግቡ ገብቶ መርዝ ካመረተ፣ ማስመለሱ ከ30 ደቂቃ እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ሳልሞኔላ ግን ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ሊቆይ ይችላል። አርብ የታመመ ሰው ያሳመመው የማክሰኞ ምሳው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።  

የማክሰኞን ምሳ አርብ ላይ ማስታወስ ግን ቀላል አይደለም፤ እስኪ ዛሬ ማታ ይሞክሩት። ቤተሰቡ ሁሉ ከትናንት በስቲያ የበላውን ለየብቻው ይጻፍ፤ ከዚያ ያስተያዩት። አብረው ከአንድ ትሪ የበሉ ሰዎች እንኳን ላይስማሙ ይችላሉ። ባለሙያው ቶሎ ደውሉልኝ የሚለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ብልሃት። ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ።

ሰርጉ ላይ 40 ሰው በላ እንበል፤ 17ቱ ታመሙ። ከታመሙት 15ቱ ዶሮ ወጥ በልተዋል። አይብ የበሉትም 15 ናቸው። ታማሚዎቹን ብቻ ከጠየቅን ሁለቱም እኩል ተጠርጣሪ ናቸው።

ደህና ያደሩትን እንጨምር። ለካ ዶሮ ወጡን የበላው 36 ሰው ነው። ካልበሉት 4 ሰዎችም 2ቱ ታመዋል። ስለዚህ የበላውም ያልበላውም ግማሽ ገደማው ታሟል። አይቡን የበላው ግን 20 ሰው ብቻ ነው፤ ከእነሱ 15ቱ ታመዋል። ካልበሉት 20 ሰዎች የታመሙት 2 ብቻ!

ዶሮ ወጡ ነፃ ወጣ። ነፃ ያወጣው ምንም ያልሆነው እንግዳ ነው፤ እሱ ባይጠየቅ ኖሮ ዶሮ ወጡ ያለ ጥፋቱ ተወንጅሎ ይቀር ነበር።

ከዚህ በኋላ ወጥ ቤቱ ይታያል። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ሰላጣም ተከትፎበታል? ውኃው ከየት ይቀዳል? ምግቡ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ ማለትም ባክቴሪያ በሚራባበት የሙቀት ክልል ውስጥ፣ ስንት ሰዓት ቆየ? ናሙና ተወስዶ፣ ታሽጎና ተፈርሞበት፣ በቅዝቃዜ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ውጤቱ በማግስቱ ካልደረሰ አይናደዱ። ሊጥ ሳይቦካ እንደማይጋገር ሁሉ፣ ባክቴሪያውም እስኪታይ ድረስ መብቀል አለበት፤ ይህም ቀናት ይፈጃል።

ስለዚህ የተረፈውን ምግብ አይድፉት። በንጹሕ ዕቃ ከድነው፣ ማንም እንዳይበላው ጽፈውበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት። በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አያስገቡት፤ በረዶ አንዳንዱን ባክቴሪያ ስለሚገድል ማስረጃው ይጠፋል። የታሸገ ምግብ ከሆነ ማሸጊያውን ከነምርት መለያ ቁጥሩ ይያዙ። አብሮ የተመረተው ሁሉ ከየሱቁ የሚሰበሰበው በዚያች ቁጥር ነው።

ተቅማጡ ደም ካለው ወይም የታመመው ሕፃን ከሆነ ከሁሉ በፊት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ለጥቆማው የወረዳዎ ጤና ጽሕፈት ቤት አለ፤ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም 8482 የተባለ ነፃ የስልክ መስመር አለው።

አንድ ቀን ደግሞ ባለሙያ ደውሎ «ሰርጉ ላይ ነበሩ?» ቢልዎ «እኔ ደህና ነኝ» ብለው ስልኩን አይዝጉበት። የበሉትን አንድ በአንድ ይንገሩት።