ተጨማሪ መረጃ፦ ጩኸት የሚያስቀምጥ ቦርሳ

እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኒል ገርሸንፌልድ «ማንኛውንም ነገር (ከሞላ ጎደል) እንዴት መሥራት ይቻላል» የሚል ኮርስ ከፈቱ። የጠበቁት ጥቂት ተመራማሪዎችን ነበር፤ የመጣው ግን መቶ ያህል ተማሪ ነው። አንዲት ተማሪ ደረት ላይ የሚታቀፍ ቦርሳ ሠራች። ሰው መሀል መጮህ ያማረው ሰው አፉን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ይጮኻል፤ ድምፁ ታፍኖ ይቀዳል፤ በኋላ ብቻውን ሲሆን ቦርሳውን ጨመቅ ሲያደርገው ጩኸቱ ይለቀቃል። ይህን ማን ይገዛል? ምናልባት ማንም። ተማሪዎቹ የሠሩት ግን ለገበያ ሳይሆን ለራሳቸው፣ ሱቅ ውስጥ የማይገኘውን ነበር።

«ፋብ ላብ» የተባሉት የጋራ ወርክሾፖች የተወለዱት ከዚህ ልምድ ነው። ቀድመው ከተከፈቱት መካከል የሕንዷ ፓባል መንደር፣ የቦስተን ሳውዝ ኤንድ ሰፈርና የጋናው ታኮራዲ ቴክኒክ ተቋም ይገኛሉ። ዛሬ ከ100 በላይ አገሮች ውስጥ አሉ።

በእርግጥ በእጅ መፍጠር ለመርካቶው ምናለሽ ተራ ብርቅ አይደለም፤ ያረጀ የመኪና ጎማ በረባሶ የሚሆነው፣ ቁርጥራጭ ቆርቆሮ ወደ ምድጃ የሚለወጠው እዚያ ነው። የፋብ ላብ አዲስነት ሌላ ነው፦ ሌዘር መቁረጫው፣ ስሪ ዲ ፕሪንተሩና ሌላው ማሽን የትም ቢሆን ተቀራራቢ በመሆኑ፣ ቦስተን ላይ የተነደፈውን ታኮራዲ ያለ ወጣት ፋይሉን ተቀብሎ፣ እንደፍላጎቱም አሻሽሎ መሥራት ይችላል።