በሙቅ ውሃ የሚቀዘቅዘው ኮምፒውተር

ሙኒክ አጠገብ በምትገኘው ጋርሺንግ፣ በላይብኒዝ የኮምፒውተር ማዕከል፣ ሱፐርሙክ-ኤንጂ የተባለ ማሽን አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በዓለም ፈጣን ኮምፒውተሮች ዝርዝር ስምንተኛ ነበር። ከፍጥነቱ ይልቅ የሚገርመው ግን ማቀዝቀዣው ነው፤ ገላ ለመታጠብ እንኳ የሚበዛ ሙቅ ውሃ!

ኮምፒውተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም መጨረሻው ሙቀት ነው። በተለመደው አሠራር ቀዝቃዛ አየር ይነፋበታል፤ አየሩ ለብ ብሎ ይወጣል፤ ለብታው ደግሞ እምብዛም አይጠቅምም። እዚህ ግን ውሃው በቱቦ እስከ ፕሮሰሰሩ ይደርሳል። ፕሮሰሰሩ ከውሃው ይበልጥ ስለሚግል፣ ከ40 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃም ያበርደዋል። ውሃው ሲወጣ የባሰ ሞቆ፣ ለሥራ በቅቶ ነው።

ለምን ኤሌክትሪክ አይመነጭበትም? ቶማስ ዜቤክ ሙቀት በቀጥታ ኤሌክትሪክ የሚፈጥርበትን ክስተት ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1821 ነበር፤ የቮዬጀር የጠፈር መንኮራኩሮችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ችግሩ የሙቀት ልዩነቱ ማነስ ነው። ውሃው 50፣ የውጪው አየር 20 ዲግሪ ቢሆን፣ እንከን የማይወጣለት ሞተር እንኳ ከሙቀቱ አንድ አሥረኛውን ወደ ሥራ አይለውጥም። ሕጉ የተፈጥሮ ነው፤ ብልሃት አያሸንፈውም።

ስለዚህ ሙቀቱን ቅዝቃዜ እንዲያመርት አደረጉት። የገንቦ ውሃ የሚቀዘቅዘው ላዩ ላይ ያለው እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው፤ የጋርሺንግ ማቀዝቀዣዎችም በትነት ይሠራሉ። አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ዕቃ ውስጥ ውሃ ሳይሞቅ ይተናል፤ እንፋሎቱን እርጥበት መጣጭ ቁስ ይይዘዋል። ለዚህ ሥራ ከሚውሉት ቁሶች አንዱ ሲሊካ ጄል ነው፤ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ በትንሽ ከረጢት የምናገኘው። ቁሱ ሲጠግብ የኮምፒውተሩ ሙቅ ውሃ ያደርቀዋል፤ የተለቀቀው እንፋሎት ውሃ ሆኖ ይመለሳል። ኮምፕረሰር የለም፤ ኤሌክትሪክ የሚፈልጉት በዋናነት ፓምፖቹ ናቸው። የተገኘው ቅዝቃዜ ሙቅ ውሃ ለማይስማማቸው የመረጃ ማከማቻዎች ይውላል።

ማቀዝቀዣው ግን ግዙፍ ነው፤ የሚሰጠው ቅዝቃዜም ከሚወስደው ሙቀት በእጅጉ ያንሳል። በፊንላንዷ ካያኒ፣ በቀድሞ የወረቀት ፋብሪካ ግቢ የተተከለው ሉሚ የተባለ ኮምፒውተር ሌላ መንገድ መርጧል፦ ሙቀቱ ወደ ከተማው የቤት ማሞቂያ መስመር ይገባል፤ ከከተማው ፍላጎት 20 በመቶ ያህሉን እንዲሸፍን ታስቦ ነው። ብርድ ላለበት አገር ይህ ይቀላል። በሞቃት አገር የጋርሺንጉ ዘዴ የበለጠ ይፈለጋል፤ ይሁንና ማቀዝቀዣው ራሱ የሚያወጣውን ሙቀት ለውጪው አየር ማስረከብ ስላለበት፣ አየሩ በጋለ ቁጥር ሥራው ይከብደዋል።