ስለ ጨው ዓይነትና ስለ ቆዳ አጠባበቅ

በአዋሽ ሸለቆ፥ ከአዋሽ ከተማ እስከ ሠመራ ባለው የአፋር ምድር፥ የአርብቶ አደሩ ዋና ሀብት ግመል፥ ላም፥ ፍየልና በግ ነው። በአፋር ምድርም የአፍዴራ ሐይቅ ጨው ይገኛል፤ ከአገራችን ገበያ ብዙው ጨው የሚመጣውም ከዚያ ነው። ከብቱና ጨው እንዲህ ጎረቤታሞች ሲሆኑ፥ ቆዳው ጨው በማጣት ወይም በማነስ ቢበላሽ የሚያሳዝን ነገር ነው። ስለዚህ የጨው ሥራ ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል።

ከብት በታረደ ጊዜ ሕይወቱ ቢያልፍም በአካሉ ውስጥ ያለው ሥራ ሁሉ ወዲያው አይቆምም። ኤንዛይም የሚባሉት ረቂቅ ነገሮች፥ ከብቱ በሕይወት ሳለ ምግቡን የሚያልሙለትና አካሉን የሚያድሱለት፥ ከሞተ በኋላ የገዛ አካሉን ማፍረስ ይጀምራሉ። ባክቴሪያዎችም የራሳቸውን ኤንዛይም እያፈሰሱ ያግዟቸዋል። ሙቀት ሲበረታ ሥራቸው ስለሚፈጥን፥ በቆላ ያለ ቆዳ ከደጋው ይልቅ ቶሎ ይሸታል፥ ጠጉሩም ይረግፋል።

የጨው ሥራ ግን እንደ ዓይነቱና እንደ ልኩ ይለያያል። ሊቃውንት ይህን የመረመሩት የእንስሳን ጉበት፥ ቆሽት ወይም ጨጓራ ፈጭተው በውኃ በጥብጠው ካጣሩ በኋላ፥ በጭማቂው ላይ ልዩ ልዩ ጨው እየጨመሩ ነው። ከቆሽት የሚገኘው አሚላዝ የተባለው ኤንዛይም በገበታ ጨው ውስጥ ያለውን ክሎራይድ ካላገኘ ሥራው እጅግ ይደክማል። ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣው የወተት ማርጊያም በወተቱ ውስጥ የካልሲየም ጨው ከሌለ አያረጋም። የመዳብና የባዜቃ ጨው ግን በጥቂቱም ቢሆን ብዙውን ኤንዛይም ያሰናክላል፤ መርዝም ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይገባም።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1888 ዓመት ፍራንስ ሆፍማይስተር የተባለ የፕራግ ሊቅ፥ ፕሮቲንን ከውኃ ለይቶ በማዝቀጥ ጨዎች ኃይላቸው የተለያየ መሆኑን አስረዳ። ኤንዛይሞችም ፕሮቲን ናቸው። በማዳበሪያነት የምናውቀው አሞንየም ሰልፌት በብዛት ሲጨመር ኤንዛይሙን ያዘቅጠዋል፤ ነገር ግን አይገድለውም፤ ውኃ ሲበዛበት ሟሙቶ ሥራውን እንደገና ይቀጥላል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጥቂት ጨው ቆዳን አይጠብቅም፤ አንዳንዱንም ኤንዛይም ያበረታል። ብዙ ጨው ግን ውኃውን ከቆዳው ስቦ የጥፋቱን ሥራ ያግዳል። ስለዚህ ቆዳው እንደ ተገፈፈ ደሙና ሥጋው ይጥራ፤ ከብርደቱም በኋላ በዚያው ቀን ይጨመር ጨው፤ ለ100 ኪሎ እርጥብ ቆዳ እስከ 40 ኪሎ ጨው ይበቃል። በጥላ ሥር ይቀመጥ። አንድ ጊዜ የተሠራበት ጨው አይደገም፤ ጨው የሚወዱ ባክቴሪያዎች ቆዳውን ያቀሉታልና።

የተጣለው ጨውም ወደ መስኖ ቦይ እንዳይገባ ይጠበቅ። በአሚባራና በመልካ ሰዲ የጥጥ እርሻዎች ጨው በመሬቱ ላይ ወጥቶ ያደረሰው ጉዳት የታወቀ ነው። ቆዳን ያዳነ ጨው እርሻን እንዳያጠፋ፥ የየወረዳው ሹማምንትና የከብት ባለቤቶች አጥብቀው ያስቡበት።